መልስ ሲያጠቁር ያደገ እጅ ጥናት መጻፍ ሲጠየቅ

የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ሲቃረብ በየዩኒቨርሲቲው አንድ ዓይነት ትዕይንት ይታያል። ተማሪው የመጀመሪያውን ምዕራፍ ይዞ አማካሪው ቢሮ ደጃፍ ላይ ይቆማል። አማካሪው ገጾቹን ገለጥ ገለጥ ያደርግና እዚህም እዚያም በቀይ ያሰምራል፤ በመጨረሻም "እንግሊዝኛው ይስተካከል" የሚል መስመር ጽፎ ይመልስለታል። ተማሪው ከግቢው በር ፊት ለፊት ካሉት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች ወደ አንዱ ይሄዳል፤ ካልሆነም እንግሊዝኛ የሚችል ጓደኛ ይለምናል። ጽሑፉ ታርሞ ሲመለስ ግሡ ከባለቤቱ ጋር ተስማምቷል፣ ኮማውም ቦታ ቦታውን ይዟል። ጸሐፊው ምን ማለት እንደፈለገ ግን አሁንም አይታወቅም።

ብዙ ሰው ይህን "የእንግሊዝኛ ችግር" ብሎ ያልፈዋል። ቋንቋው የችግሩ አንድ ክፍል መሆኑን አልክድም። ነገር ግን አራሚ ቤት ደርሶ የተመለሰው ጽሑፍ የሚያሳየን እንግሊዝኛው ከተቃናም በኋላ የሚቀር ሌላ ነገር መኖሩን ነው። ይህ የሚቀረው ነገር ተማሪው መጻፍን ከተማረበት መንገድ የወረሰው ልማድ ነው። የሰዋስው ደንብ ከፈተናው ማግስት ጀምሮ ሊረሳ ይችላል። "መጻፍ ማለት ምንድን ነው? የሚጻፈውስ ለማን ነው?" ለሚለው ጥያቄ በልጅነት የተሰጠው መልስ ግን ሰውየውን እስከ ማስተርስና እስከ ዶክትሬት ይከተለዋል፤ ቢሮ ገብቶ ሪፖርት ሲጽፍም አይለየውም።

የአንድን የማስተማር ዘዴ ውጤት ኮርሱ ባለቀበት ዕለት መለካት ቀላል ስለሆነ አብዛኛው ጥናት እዚያው ላይ ያበቃል። ከዓመታት በኋላ ተመልሶ "ምን ቀረ?" ብሎ ለመጠየቅ ገንዘብም ትዕግሥትም ያስፈልጋል። ከጠየቁት ጥቂቶች መካከል በአውስትራሊያ የሜልበርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኡተ ክኖክ፣ ኔዮሚ ስቶርችና ባልደረቦቻቸው ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው የሆነ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ትምህርት ሲጀምሩ የጻፉትን፣ ከሦስት ዓመት በኋላ በተመሳሳይ ፈተና ከጻፉት ጋር አነጻጸሩ። ያገኙት ለውጥ አንድ ነበር፤ ተማሪዎቹ በተሰጣቸው ጊዜ ውስጥ ከበፊቱ የበለጠ መጠን ያለው ጽሑፍ ይጽፋሉ። የሰዋስዋቸው ትክክለኛነትም ሆነ የዓረፍተ ነገራቸው አወቃቀር፣ ጽሑፋቸው በጥቅሉ ያገኘው ነጥብም ቢሆን የሚጠቀስ እድገት አላሳየም። እነዚህ ሰዎች ሦስት ዓመት ሙሉ እንግሊዝኛ በሚነገርበት ከተማ ኖረዋል፤ የመምህራኑን ገለጻ ያዳመጡትም መጻሕፍቱን ያነበቡትም በእንግሊዝኛ ነው። ለምን እንዳልተለወጡ ራሳቸው የሰጡት መልስ ይጠቁማል፦ ብዙ እንዲጽፉ አልተጠየቁም፤ ሲጽፉም ስለ አጻጻፋቸው የነገራቸው ሰው እምብዛም አልነበረም።

እኛ አገር ለእንግሊዝኛ ድክመት ሁልጊዜ የሚታዘዘው መድኃኒት "ከታች ክፍል ይጀመር፣ ሁሉም ትምህርት በእንግሊዝኛ ይሁን፣ ልጁ ቋንቋውን በብዛት ይስማ" የሚል ነው። ወላጅ ልጁን የግል ትምህርት ቤት የሚያስገባውና ከአቅሙ በላይ የሚከፍለውም ለዚሁ ነው። ቋንቋን በብዛት መስማት ለጆሮና ለአንደበት እንደሚጠቅም አያጠራጥርም። ሜልበርን ውስጥ ተቀምጦ ከመስማትና ከማንበብ ብቻ ያልመጣው የአጻጻፍ እድገት ግን ደሴ ወይም ሐዋሳ ላይ ከዚያ ባነሰ መስማት ይመጣል ብሎ መጠበቅ አስቸጋሪ ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ሁለተኛ ደረጃና ከፍተኛ ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ወሰነ፤ እንግሊዝኛም ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ራሱን ችሎ የሚሰጥ ትምህርት ሆነ። በዚህ ሥርዓት ያለፈ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ሲደርስ አሥራ ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ ተምሯል፤ ቢያንስ አራቱን ዓመት ደግሞ ፊዚክሱንም ታሪኩንም የተማረው በዚያው ቋንቋ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ከራሱ አመንጭቶ የጻፈው፣ ሰው ያነበበለት፣ ተመልሶም ያሻሻለው አንቀጽ ስንት ነው? ይህን ጥያቄ ለአንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ብታቀርቡለት ጣቶቹን መቁጠር ይጀምራል፤ ብዙ ጊዜም ከአንድ እጅ አያልፍም።

በታች ክፍሎች መጻፍ ማለት ከጥቁር ሰሌዳ መገልበጥ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ላይ የእንግሊዝኛው መማሪያ መጽሐፍ በየምዕራፉ የመጻፍ ልምምድ ይዟል፤ መምህሩ ግን ወይ ይዘለዋል፣ ወይ የቤት ሥራ ብሎ ሰጥቶ አይሰበስበውም። በመምህሩ ከመፍረዳችን በፊት ሒሳቡን እንሥራ። በየክፍሉ 60 ተማሪ ያለባቸውን አምስት ክፍሎች የሚያስተምር ሰው ሁሉንም አንድ አንድ ገጽ ቢያጽፋቸው 300 ገጽ ይቆለልበታል። ለእያንዳንዱ ገጽ አምስት ደቂቃ ቢሰጥ 25 ሰዓት ነው፤ ያውም ለአንድ ዙር። ደመወዙ ወሩን የማያደርስለት፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ማስጠናት የሚሮጥ ሰው ይህን ጊዜ ከየት ያመጣዋል? በ1997 ዓ.ም. ገደማ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው የፕላዝማ ቴሌቪዥን ደግሞ የቀረውንም ዕድል አጠበበው። በማያው ላይ ያለው መምህር ጥያቄ አቅርቦ ጥቂት ሰከንድ ሰጥቶ መልሱን ራሱ ይናገር ነበር፤ ተማሪው እስክሪብቶውን ሳያነሳ ትምህርቱ ያልፈው ነበር። የክፍሉ መምህር ሥራ መግቢያ መናገርና መዝጊያ ማጠቃለል ሆነ።

ዋናው ጉዳይ ግን ፈተናው ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ምርጫ ብቻ ነው፤ እንግሊዝኛውም እንዲሁ። የመጻፍ ችሎታን እለካለሁ በሚልበት ክፍል የተዘበራረቁ ዓረፍተ ነገሮችን ያቀርብና ትክክለኛው ቅደም ተከተል የቱ እንደሆነ ይጠይቃል፤ ተፈታኙም አንድ ፊደል መርጦ ያጠቁራል። እንዲህ ያለው ጥያቄ ሌላ ሰው የጻፈውን አንቀጽ መልሶ መገጣጠም ይለካ ይሆናል። ባዶ ወረቀት ፊት ተቀምጦ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር መፈለግን፣ ሁለተኛው ከእሱ እንዲወለድ ማድረግን፣ ሦስተኛውን ጽፎ መሰረዝን አይለካም። ፈተናው ያልጠየቀውን ደግሞ መምህሩም አያስተምርም፣ ተማሪውም አያጠናም። ስለዚህ አሥራ ሁለት ዓመት የሚሠለጥነው ትክክልና ስሕተት የሚለይ ዓይን ነው፤ የሚጽፍ እጅ ሳይሠለጥን ይቀራል።

በ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ላይ የደረሰውን አገር ያስታውሳል። ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው በተፈተኑበት በዚያ ዙር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በተከታዩም ዓመት 3.2 በመቶ። በየሬዲዮው የተከራከርነው ስለ ኩረጃ፣ ስለ መምህራን ብቃትና ስለ ወላጆች ኃላፊነት ነበር። ፈተናው ራሱ ተማሪውን ምን አድርግ እንደሚለው የጠየቀ ድምፅ ግን ብዙ አልሰማሁም።

ዩኒቨርሲቲው ይህን ልማድ ይሰብራል ተብሎ ይጠበቃል። ከድሮው ፍሬሽማን ኢንግሊሽ ጀምሮ እስከ ዛሬው የእንግሊዝኛ ተግባቦት ኮርስ ድረስ የመጻፍ ትምህርት በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ ጠፍቶ አያውቅም። ችግሩ ትምህርቱ ሲሰጥ ስለ መጻፍ መናገር መሆኑ ነው። ተማሪው የአንቀጽ ዓይነቶችን በቃሉ ይይዛል፤ ተራኪ፣ ገላጭ፣ አስረጂ፣ አከራካሪ። ኃይለ ቃል የቱ እንደሆነ ያውቃል፣ ደጋፊ ዓረፍተ ነገር ምን እንደሆነ ይተረጉማል። ፈተናው ሲመጣም "ከሚከተሉት ውስጥ የአከራካሪ አንቀጽ ባሕርይ ያልሆነው የቱ ነው?" ይባላል። አንድም አከራካሪ አንቀጽ ሳይጽፉ በዚህ ኮርስ ጥሩ ውጤት ማምጣት ይቻላል። ሌላው የጽሑፍ ሥራ በቡድን የሚሠራው አሳይንመንት ነው፤ አንዱ ጎበዝ ይጽፋል፣ አራቱ ስማቸውን ያስገባሉ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመጣው የመውጫ ፈተናም ያው ምርጫ ነው። ማጥቆሩ ቀርቶ በኮምፒውተር መጫን ሆነ እንጂ።

ከዚህ ሁሉ የሚተርፈው ልማድ ምን ይመስላል? አንደኛው ጽሑፍ አንድ ጊዜ ተጽፎ የሚያልቅ ነገር ነው የሚል እምነት ነው። ጽፎ ማሳደር፣ ነገ አንብቦ ግማሹን መጣል፣ መጨረሻ ላይ የነበረውን አንቀጽ ወደ መጀመሪያ ማምጣት የደካማ ሰው ሥራ ይመስላል። በአሜሪካ ጃኔት ኤሚግ እ.ኤ.አ. በ1971 የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲጽፉ እየተከታተለች ባደረገችው ጥናት፣ በኋላም ቪቪያን ዛሜል እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የሁለተኛ ቋንቋ ጸሐፊዎችን ስታጠና ያስተዋሉት ይህንኑ ነው። ጎበዝ ጸሐፊ ሐሳቡን አስቀድሞ አብስሎ ወረቀት ላይ የሚገለብጥ ሳይሆን እየጻፈ የሚያገኝ ነው፤ ስለዚህም ደጋግሞ ይመለሳል። ደካማው ግን ሲመለስ የሚያየው ፊደልና ሰዋስው ብቻ ነው። የእኛ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን "አስተካክል" ሲባል ወደ አራሚ ቤት የሚሮጠው ማስተካከል ማለት ይህ ነው ተብሎ ስለተማረ ነው።

ሁለተኛው ልማድ ፍርሃት ነው። ስሕተት በተቆጠረ ቁጥር ነጥብ ሲቀነስበት ያደገ ሰው የራሱን ዓረፍተ ነገር ማመን ያቆማል፤ የተዋሰው ዓረፍተ ነገር ግን ስሕተት የለበትም። ከሃንድአውቱ አንድ መስመር ያነሳል፣ አንድ ቃል ይለውጣል፣ ሌላ መስመር ከሌላ ጥናት ያመጣና ይቀጥልበታል። አሜሪካዊቷ ምሁር ርቤካ ሙር ሃዋርድ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ስም አውጥታለታለች፤ እኛ የድሪቶ ጽሑፍ ልንለው እንችላለን። የእሷ ክርክር ይህ ሁልጊዜ ሌብነት አይደለም የሚል ነው፤ አዲስ የዕውቀት ዘርፍ ውስጥ የገባ ሰው ቋንቋውን እስኪለምድ ድረስ የሚያልፍበት ደረጃም ሊሆን ይችላል። እኔም እስማማለሁ፣ በአንድ ሁኔታ፦ ደረጃ የሚሆነው የሚያሻግር ሰው ሲኖር ነው። አሻጋሪ ካልተገኘ ድሪቶው የዘላለም ልብስ ይሆናል። የኩረጃ መለያ ሶፍትዌር የገዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪው ቃላቱን ይበልጥ እንዲቀያይር አስተማሩት እንጂ የራሱን ሐሳብ እንዲያወጣ አላስተማሩትም።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ሰበብ መነሳቱ አይቀርም። ሮበርት ካፕላን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው ጽሑፍ የውጭ አገር ተማሪዎችን ድርሰቶች መርምሮ የየቋንቋውን አስተሳሰብ በመስመር ሣለ፤ የእንግሊዝኛውን ቀጥ ያለ፣ የምሥራቅ እስያውን እየዞረ ወደ መሐል የሚገባ፣ የሴማዊውን ጎን ለጎን እየተመላለሰ የሚሄድ አደረገው። አማርኛም ሴማዊ ነውና ይህን ሥዕል ወስዶ ከሰምና ወርቅ ጋር ማገናኘት የሚወዱ አሉ፤ "እኛ በባህላችን ነገር አዙረን ነው የምንናገረው፣ ስለዚህ ቀጥ ያለ የጥናት ጽሑፍ ይከብደናል" ይላሉ። ካፕላን ራሱ በኋላ ሐሳቡን አለዝቦታል። የእኛን ነገር ግን የቅኔ ቤትን አሠራር ያየ ሰው በቀላሉ ያፈርሰዋል።

ግዕዝ የማንም አፍ መፍቻ አይደለም። ከጎጃምም ከወሎም የመጣው የቆሎ ተማሪ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲያደርግ የኖረው በሁለተኛ ቋንቋ፣ እጅግ ጥብቅ በሆነ ቅርጽ፣ አዲስ ነገር መድረስ ነው። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ፣ በዋድላም ሆነ በሌላው ጉባኤ ተማሪው የሚጀምረው ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ነው፤ ከዚያ ዘአምላኪየን፣ ሚ በዝኁን እያለ በደረጃ ወደ ስምንት ቤቱ መወድስ ይወጣል። ግሡን ያጠናል፣ አገባቡን ይማራል። ነገር ግን ግስ አጠናሁ ብሎ የሚቀመጥበት ቀን የለም፤ በተማረው ልክ ከሰው ተለይቶ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ተመልሶም ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩም ሰምቶ ያቃናል። የትናንትናውን ቅኔ ዛሬ ይዞ መምጣት አይቻልም። የሌላ ሰው ቅኔ ማቅረብማ ነውር ነው። በአነስተኛ ቅርጽ መጀመር፣ ሳያቋርጡ ማምረት፣ በዕለቱ የሚሰማ ጆሮ፣ ቅርጹ ሲለመድ ወደሚቀጥለው ማለፍ። ዛሬ የአጻጻፍ ትምህርት ተመራማሪዎች የሚመክሩትን ስታነቡ ዋና ዋናው ይኸው ነው። እርግጥ ቅኔ ቤቱ በመምህሩ ሥልጣን ላይ የቆመ ነው፤ ቅኔ የሚደረሰውም በቃል ነው። የትምህርቱ ውጤት ግን ዕድሜ ልክ ይዘልቃል፤ ጉባኤውን ከለቀቀ ሠላሳ ዓመት የሆነው ሰው ለበዓል ቅኔ አቅርብ ቢባል ያቀርባል። ታዲያ አዙሮ መናገር ባህላችን ነው ብለን የተማሪያችንን ብትንትን አንቀጽ የምናመካኝበት ምክንያት ምንድን ነው? ሰምና ወርቅ ራሱ እያንዳንዱ ቃል የተለካበት ጥንቃቄ ነው።

ወደ ቀይ እስክሪብቶው እንመለስ፤ ስለ ዘላቂ ውጤት የተደረገው ትልቁ ክርክር በእሱ ዙሪያ ነውና። ተመራማሪው ጆን ትሩስኮት እ.ኤ.አ. በ1996 በሁለተኛ ቋንቋ የአጻጻፍ ክፍል ሰዋስው ማረም ፋይዳ የለውም፣ እንዲያውም ይጎዳልና ይቅር ብሎ ሲጽፍ መምህራኑን አስደነገጠ። ዳና ፌሪስ ቸኩለሃል ብላ መለሰችለት፤ ሙግቱም ለዓመታት ቀጠለ። ጉዳዩን ወደ መሬት ካወረዱት ጥናቶች አንዱ ጆን ቢችነርና ኡተ ክኖክ በኒውዚላንድ ኦክላንድ ያደረጉት ነው። 52 ተማሪዎችን ወስደው አንዲት የእንግሊዝኛ ነጥብ ብቻ መረጡ፤ ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳና ዳግመኛ ሲጠቀስ ፊቱ የሚገቡትን "ኤ" እና "ዘ" የሚሉትን ቃላት አጠቃቀም። ሌላውን ስሕተት ሁሉ አለፉት። በዚህች ነጥብ እርማት ያገኙት ተማሪዎች ከአሥር ወር በኋላም ካላገኙት በልጠው ተገኙ።

ከዚህ የምወስደው ነገር አማካሪዎቻችንን አያስደስት ይሆናል። ገጹን ሙሉ በቀይ መቀባት ለመምህሩ ሕሊና ካልሆነ በስተቀር ለተማሪው ብዙም አይተርፍለትም፤ ከአርባ ምልክት መሐል የቱን ይያዝ? ሁለት ነገር መርጦ በእነሱ ላይ ብቻ መጽናት የእርማቱን ጊዜ ይቀንሳል፣ የሚቀረውን ግን ይጨምራል። እዚያ ላይ የሰዋስው እርማት የሐሳብን አስተያየት ተክቶ መቆም የለበትም። "ይህ አንቀጽ ከላይኛው ጋር ምን አገናኘው?" የሚል አንድ ጥያቄ ሃያ የተሰመረባቸው ግሦች የማያደርጉትን ያደርጋል።

የ300 ገጹን ሒሳብ በተመለከተም አንድ መውጫ አለ። ክሪስቲ ሉንድስትሮምና ዌንዲ ቤከር እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት የሌሎችን ጽሑፍ አንብበው አስተያየት መስጠትን የተለማመዱ ተማሪዎች፣ አስተያየት እየተቀበሉ ከማሻሻል በቀር ሌላ ካልሠሩት ይልቅ የራሳቸው ጽሑፍ ተሻሻለ፤ ይበልጥ የተጠቀሙትም በቋንቋው ዝቅ ያሉት ናቸው። ነገሩ ስታስቡት የሚገርም አይደለም። በሰው ጽሑፍ ውስጥ የጎደለውን ማየት የለመደ ሰው በራሱም ውስጥ ያየዋል። እኛ አንድ ለአምስት እያልን ያደራጀናቸው ቡድኖች ለስም ማስገቢያ ከሚሆኑ ለዚህ ቢውሉ መምህሩ 300ውንም ገጽ ማንበብ አይጠበቅበትም። የእኛ ተማሪ የጓደኛውን ጽሑፍ መተቸት ያፍራል ይባላል። መጀመሪያ ላይ ያፍራል። ስም የሌለበት ወረቀት ሲሰጠው ግን አያፍርም፤ ሉንድስትሮምና ቤከርም የሰጧቸው የማያውቁትን ሰው ጽሑፍ ነበር።

ሌላው የሚዘነጋው የአፍ መፍቻ ቋንቋ ነው። በካትሊን ሂዩ መሪነት ለትምህርት ሚኒስቴር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2007 የቀረበው ጥናት በየክልሉ የነበረውን ልዩነት አነጻጽሮ ነበር፤ እንደ ትግራይና ኦሮሚያ እስከ ስምንተኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋ የሚያስተምሩ ነበሩ፣ ቀደም ብለው ወደ እንግሊዝኛ የሚሻገሩም ነበሩ። በስምንተኛ ክፍል በሳይንስና በሒሳብ የተሻለ ውጤት ያሳዩት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ረዘም ላለ ጊዜ የተማሩት ናቸው። ካናዳዊው ጂም ከሚንስ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እንደሚለው፣ በአንዱ ቋንቋ የተገነባ የአካዳሚ ችሎታ ወደ ሌላው ይሻገራል። በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ አንድ አቋም ይዞ፣ ማስረጃ ደርድሮ፣ ተቃራኒውን መልሶ መጻፍ የቻለ ልጅ እንግሊዝኛ ላይ የሚቀረው ቋንቋው ነው። ነገር ግን በራሱ ቋንቋም ቢሆን የጻፈው "ክረምት" ወይም "የትምህርት ጥቅም" የሚል ርዕስ የተሰጠው ድርሰት ብቻ ከሆነ የሚያሻግረው ነገር አይኖረውም። ስለዚህ የእንግሊዝኛ ጥናት ጽሑፍ ድክመት መድኃኒት ከፊሉ ያለው አምስተኛ ክፍል፣ በአማርኛው ክፍለ ጊዜ ውስጥ ነው። ይህን ስናገር ብዙ የእንግሊዝኛ መምህራን ፊታቸውን ያጠቁራሉ፤ ክፍለ ጊዜ የሚወሰድባቸው ይመስላቸዋል።

እ.ኤ.አ. ከ2022 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ቻትጂፒቲ መጥቷል። ከዩኒቨርሲቲ በር ፊት ለፊት ያለው አራሚ በገንዘብ የሚሠራውን ይህ ማሽን በነጻ፣ በሰከንድ ይሠራዋል። እንግሊዝኛው ይስተካከል ለሚል አማካሪ ሁሉ መልስ ተገኝቷል ማለት ነው። ትምህርታችን መጻፍን ስሕተት ከሌለበት ዓረፍተ ነገር ጋር አንድ አድርጎ ስለኖረ ይህ ማሽን ጠቅላላ ሥራውን ነጠቀው። አሁን አማካሪው ጠረጴዛ ላይ የሚቀርበው ጽሑፍ እንከን የለሽ እንግሊዝኛ ነው፤ የሚያወራው ግን የማንም ያልሆነ ነገር ነው። ከአንድ ወገን ይህ በረከት ሳይሆን አይቀርም። ቋንቋው ሲቃና ሐሳቡ ባዶ መሆኑ ያለ መጋረጃ ታየ፤ ጥፋቱን በእንግሊዝኛ ማላከክም ከእንግዲህ አያስኬድም።

ከየት እንጀምር ቢባል እኔ የምጀምረው ከብሔራዊ ፈተናው ነው። ሥልጠና ሰጥተናል፣ የእንግሊዝኛ ማሻሻያ ማዕከላትን በየዩኒቨርሲቲው ከፍተናል፣ መጽሐፍ ደጋግመን ቀይረናል፤ ፈተናው ባለበት እስከቆመ ድረስ ሁሉም ወደ ምርጫ ጥያቄ ዝግጅት ይመለሳል። የሚነሳው መከራከሪያ ቁጥሩ ነው፤ የዚህን ሁሉ ተፈታኝ ጽሑፍ ማን ያርማል? ጎረቤታችን ኬንያ በሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተናዋ የእንግሊዝኛውን ሦስተኛ ወረቀት ሙሉ በሙሉ ለድርሰት ሰጥታለች። የተፈታኞቿ ቁጥር በቅርብ ዓመታት ከ900 ሺህ አልፏል፤ በ2014ቱ ዙር የተቀመጡት የእኛ ተፈታኞችም ወደዚያው ነበሩ። የምዕራብ አፍሪካ አገሮች በጋራ የሚሰጡት ፈተናም ድርሰት ያጽፋል። ድርሰት መጠየቅ ብቻውን ተአምር አይሠራም፤ ርዕስ ገምቶ በቃል የሸመደደውን የሚያሰፍር ተማሪ እዚያም አለ፣ እዚህም ይኖራል። እርማቱ ወጪ ነው፣ ጊዜም ይወስዳል፤ ሁለት አራሚ አንድ ወረቀት ላይ የማይስማማበት ቀን ይበዛል።

ነገር ግን በሺህ የሚቆጠሩ የሁለተኛ ደረጃ መምህራን አንድ አዳራሽ ገብተው፣ በአንድ መመዘኛ ላይ ተከራክረው፣ ለሳምንታት የተማሪ ጽሑፍ ሲያነቡ ቢከርሙ ከነጥቡ በላይ የሚያተርፉት ነገር አለ። አብዛኞቹ ይህን ያህል የተማሪ ጽሑፍ በተከታታይ አንብበው አያውቁም። መስከረም ላይ ወደየክፍላቸው ሲመለሱ በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ ያለውን የመጻፍ ልምምድ መዝለል የሚከብዳቸው ያኔ ነው።